ቡሎን የማይታይባት ኤንትሬ

ዛሬ ሞጣ፣ አባቴ ቤት፣ የሠራሁላቸው ትንሽ መኪና ቦዲ እጃቸው ላይ ቀረና ሻንሲው ከነጎማው ሲሚንቶ ላይ ተከሰከሰ!

አባቴ በደርግ ጊዜ ከቢቸና ሞጣ እህል ያመላልሱባት የነበረችውን ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ አሳንሼ በሪሞት የምትሄድ አድርጌ ሠርቼላቸው ነበር።

ወራት የፈጀብኝ የቦዲው ማያያዣ ነው። ቡሎን እንዳይታይ፣ ባትሪ ስቀይር ደግሞ ቦዲው በቀላሉ እንዲነሳ ብዬ ከውስጥ ማግኔት ደበቅሁ። (የቤታችን በር ማጠፊያው እንደወለቀ ነው፤ ባለቤቴን አትጠይቋት።)

አባባ ታዲያ መኪናዋን ጋቢናዋን ይዘው ብድግ አደረጓት! ማግኔቱ ለቀቀ።

"አባባ፣ ከሥር ነው እኮ የሚያዘው!" ብዬ ጮህኩ።

እሳቸው ባዶውን ቦዲ እያገላበጡ፣ "ጠፍሩስ?" አሉኝ።

"የምን ጠፍር?"

"መለዋወጫ ሲጠፋ ኮፈኗን በጠፍር ነበር የማስረው። ደብረ ወርቅ ገበያ ሁሉ የሚያውቃት በጠፍሯ ነው። ይቺማ የሰው መኪና ናት።"

ንድድ ነው ያልኩት! የፊት ጎማዋ ተሰብሮ፣ እሳቸው ስለ ጠፍር!

እስቲ ንገሩኝ፤ የለፋችሁበትን ሳያዩላችሁ፣ የሌለውን የጠየቋችሁ አሉ?

ደግሞ ቀጭን ጠፍር ያለው ሰው በውስጥ መስመር ያናግረኝ።