ቀድሞ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ

የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ፀሐፊ ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው ከስብሰባው በፊት ነበር። አትፍረዱባት። ሰባት ሰዎች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ፕሬዚዳንቱ ያቀረበላቸውን ሁሉ «ጥሩ ነው፣ ይለፍ» ሲሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰማ ማንም ሰው እንደሷ ያደርግ ነበር። «ከሰፊ ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለውን ጣቶቿ ከመልመዳቸው የተነሳ ዓይኗን ጨፍና ትተይበዋለች። በዋዜማው ጽፋ፣ ሰባት ቅጂ አትማ ታስቀምጥና በስብሰባው ላይ ጥግ ይዛ ሹራብ ትሠራለች። ሰፊ ውይይት የተባለውም ስለ ምሳ ካልሆነ በቀር ተደርጎ አያውቅም።

ሰው ሁሉ እትዬ ማኅተም ይላታል፤ የቦርዱ ማኅተም የሚቀመጠው በሷ መሳቢያ ውስጥ ነዋ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። የራሷ ልጅ የላትም፤ ያሳደገችው የእህቷን ልጅ ነው። ያቺ ልጅ አሁን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች፤ የምትኖረው በሴቶቹ መኝታ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ውሃ አይወጣም። ፓምፑ ከተቃጠለ ሦስት ዓመት አልፎታል። ልጆቹ በየጠዋቱ ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ ይወጣሉ፤ ባለፈው ወር አንዷ ከነጀሪካኗ ተንከባልላ እጇን ሰብራለች። ለፓምፑ በየዓመቱ በጀት ይያዛል፤ መንፈቅ ሳይሞላ ግን ፕሬዚዳንቱ «ለዋናው በር ማስዋቢያ ይዛወር» ይላል፣ ቦርዱም «ይለፍ» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«አክስቴ የቦርድ ፀሐፊ ናት ስላቸው ጓደኞቼ ይስቁብኛል» አለቻት ልጅቱ አንድ እሑድ፣ አክስቷ ቤት ፀጉሯን እየታጠበች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉኝ።»

«ወግ አይቀርም! አህያዋ ማን ልትሆን ነው?»

«እኔ ነኛ፣ እትዬ። ጀሪካን የምሸከመው ማን ሆነና?»

እትዬ ማኅተም ሳቀች። ነገሩ ግን ከሆዷ አልወጣም።

በዚህ መሃል ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦርዶች የአመራርና የበጀት ቁጥጥር ሥልጠና ተብሎ አንዲት አሠልጣኝ መጣች። ዝምተኛ ናት፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ያስፈራል። የአምስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ስታገላብጥ አረፈደችና «እዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጥያቄ ምልክት ፈልጌ አጣሁ» አለች።

አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ይሄ የአጻጻፍ ጉድለት ነው» አሉና ወደ ጥግ ዞሩ። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማን ምን እንደጠየቀ ይጻፍ።»

ማንም ምንም ጠይቆ አያውቅም ብሎ መናገር የሷ ሥራ አልነበረም። ታዛዥ ሴት ናት፤ ታዘዘች። በማግስቱ የፓምፑን ገንዘብ ለማዛወር ስብሰባ ስለነበር፣ ያን ቀን ከሰዓት እንደልማዷ ቃለ ጉባኤውን ጻፈች፤ አሁን ግን ለእያንዳንዱ አባል አንዳንድ ጥያቄ አደለች። ለሐኪሟ አንድ፣ ለነጋዴው አንድ። ትልቁን ለጋሼ ሸለብ ሰጠቻቸው። ጋሼ ሸለብ የድሮ የጭነት መኪና ባለንብረት ናቸው፤ ስሙን ያወጣላቸው ስብሰባ ሲከፈት የሚወስዳቸው እንቅልፍ ነው። «ክቡር አባሉ ጠረጴዛውን በመምታት፣ በር ሦስት ጊዜ ሲቀባ ልጆች ለምን ውሃ ይሸከማሉ ሲሉ በቁጣ ጠየቁ» ብላ ጻፈችላቸው። ብቻዋን ስቃ ስቃ ዕንባዋ መጣ። በወረቀት እንኳ ይጠየቅልኝ ብላ ነው። መጨረሻው ላይ ጣቶቿ «ዝውውሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብለው ዘጉት። ጥያቄ መፍጠር ደፈረች እንጂ ውሳኔ መፍጠር አልደፈረችም።

በማግስቱ አሠልጣኟም ለመታዘብ ገብታ ተቀመጠች፤ እትዬ ማኅተም አጀንዳ የሚቀመጥባቸውን ሰማያዊ ማህደሮች ለሰባቱ አባላት አድላ ጥግዋን ያዘች። ቦርሳዋን ስትከፍት ሰባቱ አጀንዳዎች እዚያው ተቀምጠዋል። ክው አለች። ያደለችው ቃለ ጉባኤውን ነበር! ያልተደረገ ስብሰባ፣ ያልተነገረ ንግግር፣ ከነጠረጴዛ መምታቱ። ይኼ ከሥራ ያስባርራል፤ ጡረታዋም ገደል ገባ። ተነስታ እንዳትሰበስብ አባላቱ ማንበብ ጀምረዋል።

ጋሼ ሸለብ መነጽራቸውን አደረጉ። አንዴ አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ፣ ቀና ብለው ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ጀግንነት የጻፈላቸው ሰው በሕይወታቸው አልገጠማቸውም።

ሐኪሟ ቀደመች። «በዚህ ዓመት ከደረጃው ስንት ተማሪ ወደቀ?» ብላ ከወረቀቱ ላይ ቃል በቃል አነበበች። ማህደር ያልደረሰው ፕሬዚዳንት ከየት እንዳነበበችው ለማየት አንገቱን አሰገገ። ነጋዴው ደግሞ «የበሩ ቀለም የሚገዛው ከማን ነው?» አሉ። ፕሬዚዳንቱን ላብ አጠመቀው። ከዚያ ጋሼ ሸለብ ጠረጴዛውን ሲመቱት የሰብሳቢው ብርጭቆ ተገለበጠ።

ሰብሳቢው ወደ ፀሐፊዋ ጠጋ አሉ። «ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች።

«መጨረሻው ከፊቱ ጋር አይገጥምም» አሉ። የመጨረሻውን ገጽ ገንጥለው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «በሉ፣ ድምፅ እንስጥ።»

ዝውውሩ በአምስት ድምፅ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ብቻ ደገፉት፤ አንዱ ወረቀቱን ለማንበብ መነጽር ያልያዘ ነበር።

ፕሬዚዳንቱ ግን ዋዛ አይደለም። «ደስ ይለኛል» አለ ላቡን እየጠረገ። «ሁኔታዎች እንደተመቻቹ ፓምፑ ይገዛል።» አባላቱ ረክተው ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እትዬ ማኅተም ወሽመጧ ቁርጥ አለ፤ ሁኔታዎች ተመቻችተው የማያውቁበት ቤት ውስጥ ነው ያረጀችው።

ጋሼ ሸለብ ወረቀታቸውን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ።

«ሁኔታዎቹ የሚመቻቹት በስንት ቀን ነው?» አሉ።

ይሄ የትም አልተጻፈም። እትዬ ማኅተም ብድግ አለች፤ ቦርሳዋን በረበረች፤ ለካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስብሰባ ስትገባ እስክሪብቶ ይዛ አታውቅም። አሠልጣኟ የራሷን አቀበለቻት።

«ጋሼ፣ ይድገሙልኝ፤ ልጽፈው ነው» አለች።

ደገሙላት፤ ያውም ጮክ ብለው።

ፕሬዚዳንቱ ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ። «በሠላሳ ቀን» አለ።

ጻፈችውና ሁሉም እየሰማ አነበበችለት። «በሠላሳ ቀን ነው ያሉት፣ ልክ ነው?»

«አዎ» አለ።

«አዎ»ውንም ጻፈችው።