የአሰቡ ዓሣ መደበቂያ

እርጥብ ሲሚንቶ በሸተተኝ ቁጥር ቆቦ የነበረው ቤታችን፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠው የመስታወት ሣጥንና ያ ብቸኛ ልጅነቴ ይመጡብኛል። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ አባቴ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳ ስለነበር ቤት የሚያድረው በወር ቢበዛ አንዴ ነው። እናቴ ገበያ ትውላለች፤ ወንድምም እህትም የለኝም፤ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ነበር የምውለው።

አንድ የጥቅምት ቀን አባቴ ያን ሣጥን፣ ሁለት ጀሪካን የባሕር ውሃና ጣት የሚያካክሉ ሁለት ዓሦች ይዞልኝ መጣ። ጧትና ማታ ውሃው አየር እንዲያገኝ በጭልፋ እየቀዳሁ ከላይ እንዳፈስ፣ ደግሞም የሚደበቁበት ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ካላገኙ በድንጋጤ እንደሚሞቱ ነገረኝና፣ «እነዚህ ቆቦን ከለመዱ እኔም መኪናውን ትቼ እለምደዋለሁ» አለኝ። ሲቀልድ ነው። እኔ ግን የምሩን መስሎኝ ያዝኩት።

ማሽላው ታጭዶ ሲያልቅ ዓሦቹ የሚደበቁበትን ግንብ መሥራት ጀመርኩ። የማውቀው የቤታችንን ግድግዳ ስለነበር፣ ጭቃ በጤፍ ጭድ አቡክቼ፣ ሳምንት አቆይቼ፣ ዋሻ ዋሻ አስመስዬ በፀሐይ አደረቅሁትና ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ጧት ብነሳ ውሃው ጎርፍ መስሎ ደፍርሷል፤ አንደኛው ዓሣ ሞቶ ተንሳፍፏል። የተረፈውን ወደ ሁለተኛው ጀሪካን ውሃ አዛውሬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ የአባቴን መመለሻ በገዛ እጄ ያበላሸሁ መሰለኝ።

ለቅሶዬን የሰሙት ጎረቤታችን ግንበኛው ጋሽ ሰይድ ነበሩ። «አብሽሪ ልጄ፣ ጭቃ ውሃ ውስጥ መች ይቆማል?» ብለው ከሥራ የተረፈ ሲሚንቶ በጣሳ አመጡልኝ። ግንቡ የተቦረቦረ ድንጋይ እንዲመስል፣ አፋሮች ገበያ የሚያወጡትን ጨው ሰባብሬ ልጨምርበት ስል፣ «ሲሚንቶና ጨው? ወላሂ እንዲህ ያለ ግንብ ሠርቼ አላውቅም» እያሉ ሳቁብኝ፤ ግን አብረውኝ አቦኩት። ደርቆ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ጨዉ ሟሙቶ ወጣና ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። በጋውን ሙሉ ከቦኖ ውሃ እየተሸከምኩ ግንቡ የተዘፈዘፈበትን ስቀይር፣ በምላሴ እየቀመስኩ ሲሚንቶው ማቃጠሉን እስኪተው ስጠብቅ ከረምኩ። በዚያ በጋ አባቴ ጭራሹን ጠፋ።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ግንቡን አስገባሁት። ዓሣው አንዴ ዞረውና አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲያ በቀን አንዴ ብቅ ቢል ነው፤ እኔም ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የሆዴን አጫውተው ነበር።

አባቴ የመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጎንበስ ብሎ ግንቡን አየና፣ «አንቺ፣ ይኼንማ ከባሕር ያወጣሽው ነው የሚመስለው» አለኝ። ዓሦቹስ ሲለኝ፣ አንዱ መሞቱን፣ አንዱ ግን ውስጥ መኖሩን ነገርኩት። ይወጣ እንደሆነ ብሎ ትንሽ ጠበቀ። ረዳቱ ከውጭ ጥሩምባ ነፋ። «ይሁን፣ ሌላ ጊዜ አየዋለሁ» ብሎ ራሴን ዳበስ አድርጎ ወጣ። የመኪናው ድምፅ በሮቢት መንገድ በኩል ሳይጠፋ ዓሣው ወጥቶ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። መደበቂያውን አሳምሬ ሠርቼው ኖሮ፣ ማየት የነበረበት ሰው ሳያየው ቀረ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው እንጂ እሱ አልመጣም።

ዛሬ አባቴ ለዓሣ ብሎ ቤት እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ያን ቀን «ውስጥ አለ እኮ፣ እውነቴን ነው» እያልኩ ስለ ዓሣው ስለፈልፍ «አባዬ፣ አትሂድብኝ» ሳልለው ቀረሁ። አሁን የሆዴን ለሰው መናገር ለምጃለሁ። ግን ያን ቃል የምነግረው ሰው ያኔ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ዛሬ የለም።