ታጥቦ የሚገባ ጭስ

ባሌ ኤርሳዶ በአንድ ነገር ይኮራ ነበር፤ በትንፋሹ። ዛዬ የምንለውን ረጅሙን የወላይታ መለከት ሲነፋ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይወጣል። በአዲስ ዓመታችን በጊፋታ ነፊዎቹን የሚመራው እሱ ነው። ታዲያ ሌላም ፍቅር ነበረው፤ ጋያው። ቅሉ ውስጥ ውሃ፣ ከላይ ትምባሆ፣ ከዚያ ቡልቅ ቡልቅ! ሲነሳ ቡልቅ ቡልቅ፣ ከማሳ ሲመለስ ቡልቅ ቡልቅ። አቤት ሲያንገበግበኝ!

"ተው አንተ ሰው፣ ሳልህ ቤቱን ሊያፈርሰው ነው" ስለው ይስቅብኛል።

"ትርፌ፣ የሚገድለው የሶዶ ከተማ ሰዎች ሲጋራ ነው፤ ደረቅ ጭስ። የእኔ በውሃ ታጥቦ ነው የሚገባው።"

ዛዬ ለሚያስተምራቸው ጎልማሶችም ይህንኑ ይሰብካል። ከእነሱ መሃል ጎበዙ ሻንቆ ጋያውንም አብሮ ለመደ።

በ1953 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ኤርሳዶ ዛዬውን ሲለማመድ ትንፋሹ መሃል ላይ ቁርጥ አለ። ደገመው፤ አሁንም ቁርጥ። ጊፋታ ሦስት ወር ቀርቶታል። ያን ቀን እህል አልቀመሰም፣ አንጀቴን በላው። ክንዱን ይዤ ክሊኒክ ወሰድኩት። ጋያውን ትቶት የሚሄድ መሰላችሁ? ይዞት መጣ!

የክሊኒኩ ረዳት ሐኪም፣ ድሬሰሩ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ደረቱን አዳመጡት። "ታጥቦ ነው የሚገባው" ሲላቸው አልተከራከሩም፤ ነጭ ጥጥ አመጡ።

"እስቲ ከጋያው ይሳቡና ጭሱን ሳይውጡ በዚህ ጥጥ ውስጥ ይንፉት።"

ሦስት ጊዜ ነፋ። ጥጡ ጭቃ መሰለ።

"ውሃው አጠበው ያሉት ጭስ ይኸው። ሳንባን ለነቀርሳ፣ ልብንም ለበሽታ ይዳርጋል። አሁን ቢያቆሙ ትንፋሽዎ ይሻላል፤ እንደ ድሮው ግን ላይሆን ይችላል።"

አቆመ። የመጀመሪያውን ወር አታንሱብኝ! ከዶሮዎቹ ጋር ሳይቀር ይጣላል፣ ቆሎ ሲቆረጥም ይውላል።

ጊፋታ ደረሰ። እንደ ድሮው ባያስረዝመውም ዜማውን ሳያቋርጥ ጨረሰው። እልልታዬን አቀለጥኩት! ይሄኔ ሻንቆ ጋያ ሞልቶ፣ ለታላቅ እንደሚደረገው በሁለት እጁ አቀረበለት። ባሌ አልተቀበለውም።

"ሻንቆ፣ ዛዬውን አሳምሬ አስተምሬሃለሁ። በጋያው ግን አሳሳትኩህ፤ ይቅር በለኝ" አለው።

ያ ኩሩ ሰው፣ በሕዝብ ፊት፣ ታናሹን! እንባዬ መጣ። ሻንቆ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

"ጋሼ፣ እኔም ትንፋሽ እያጠረኝ ነው። ለእርስዎ መናገር አፍሬ ነው የደበቅኩት።"

ኤርሳዶ ቅሉን ከእጁ ተቀብሎ መሬት ላይ አኖረው። "ነገ ክሊኒክ አብረን እንሄዳለን" አለው።