ሲኞር ጎፍሬዶ በኅዳር የመጡ ዕለት

ኦርሶላ ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንዲት የተራራ መንደር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችውን ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ብቻዋን ታስተዳድራለች። ስጋት የማያጣት ሴት ናት። በረዶው ሳይጥል ሲዘገይ እንግዳ ይቀርብኛል ብላ ትጨነቃለች፤ ሲጥል ደግሞ መንገዱ ተዘጋ ብላ ትጨነቃለች። ስኪ የሚጫወቱትን ወደ ተራራው የሚያወጣውን የገመድ ወንበር የሚያንቀሳቅሰው ታናሽ ወንድሟ ሴቬሪኖ፣ “አንቺ እኮ የሚያስጨንቅሽ ስታጪ እሱም ያስጨንቅሻል” እያለ ያበሽቃታል።

ከእንግዶቿ መካከል ሐሳብ የማይሆኑባት ሲኞር ጎፍሬዶ ብቻ ነበሩ። ጄኖቫ ወደብ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሌላው እንግዳ በረዶ ተከትሎ መጥቶ ከበረዶው ጋር ይጠፋል። እሳቸው በጥር ለስኪ ይመጣሉ፣ ሰኔ ላይ ሜዳው ሲያብብ ይመጣሉ፣ በመስከረም ላሞቹ ከላይኛው ግጦሽ ሲወርዱ ከመንደሩ ሰው ጋር መንገድ ዳር ቆመው ያጨበጭባሉ። ሳይደውሉ መጥተው አያውቁም።

በዚያ ዓመት መስከረም ግን ፖሌንታቸውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በልተው፣ ሳህኑ ከተነሣ በኋላ፣ “እራት መቼ ነው ሲኞራ ኦርሶላ?” ብለው ጠየቋት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ለልጃቸው ለሊቪያ ልደውል አለችና፣ ደግሞ በሰው ቤት ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገኝ ብላ ተወችው። ነገሩ ግን ከሆዷ አልወጣም።

ኅዳር ላይ መንደሩ ጭር ይላል። ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ሱቁን ዘግቶ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል። ዝናብና ጉም በተቀላቀለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ኦርሶላ አንሶላ ስታጣጥፍ በሩ ተንኳኳ። ሲኞር ጎፍሬዶ ስኪያቸውን ተሸክመው፣ ከእግር እስከ ራሳቸው ርሰው ቆመዋል።

“በረዶው እንዴት ነው?” አሏት።

ገና እንዳልጣለ ነገረቻቸው። “እርስዎ መቼም ስጋት አይለቅዎትም” ብለው ሳቁ። ምድጃው አጠገብ አስቀምጣቸው፣ ወደ ጓዳ ገብታ ለሊቪያ ደወለች። ሊቪያ ከጧት ጀምሮ አባቷን ስትፈልግ ነበርና ለቅሶዋን መግታት አቃታት። “እባክዎ ከዓይንዎ እንዳይጠፉ። አሁኑኑ እነሣለሁ” አለቻት።

ኦርሶላ ስትመለስ ምድጃው አጠገብ ማንም የለም። ስኪውም የለም።

ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች። ጉሙ ከቤቱ ማዶ ያለውን ግድግዳ ውጦታል። መጀመሪያ ወደ ወንዙ ሮጠች፤ ዝናቡ ሞልቶት ይጮሃል። ስማቸውን እየጠራች ዳሩን ዳሩን ወረደች፤ መልስ የለም። ባሰበች ቁጥር ውኃው ውስጥ ኮታቸው ይታያታል። በመጨረሻ እንጨት ሲፈልጥ ወደነበረው ወንድሟ ቤት ሄዳ እያለከለከች ነገረችው።

ሴቬሪኖ መጥረቢያውን ጣለ። “ስኪ ይዞ የወጣ ሰው ወዴት ይሄዳል? ነይ” አላት።

ሽማግሌው በቆመው የገመድ ወንበር ላይ፣ ስኪያቸውን እግራቸው ላይ አሥረው፣ እግራቸውን ጭቃው ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል።

“ሰልፍ የለም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር” አሉት ሴቬሪኖን። “ምነው አዘገየኸኝ?”

ሁሉን በቀልድ የሚያልፈው ሴቬሪኖ ባርኔጣውን አወለቀ። “ሞተሩ ተበላሽቶ ነው፣ ሲኞር። ሲሠራ እናወጣዎታለን” አላቸው። ኦርሶላ ስኪያቸውን ፈትታ፣ ደግፋ ወደ ቤት መለሰቻቸው። ማታ ሊቪያ ደርሳ በማግስቱ ይዛቸው ሄደች።

ያ የበረዶ ክረምት ለኦርሶላ ረጅም ነበር። መስከረም ላይ ብደውል ኖሮ የሚለው ሐሳብ ይበላታል። በመጋቢት ሊቪያ ደውላ፣ አባቷ በየቀኑ ሞተሩ ተሠርቶ እንደሆነ እንደሚጠይቁ ነገረቻት። ኦርሶላ ሳታመነታ ይምጡ አለች፤ ስልኩን ዘግታ ግን ቢወድቁስ፣ ቢጠፉስ ስትል አመሸች።

መጡ። ሴቬሪኖ ወንበሩን በዝግታ ለቀቀው። ሽማግሌው መሐል፣ ሊቪያ በአንድ ወገን፣ ኦርሶላ በሌላው ወገን ተቀመጡ። ኦርሶላ ዕድሜዋን ሙሉ ከሥሩ ኖራ፣ ከፍታ ስለምትፈራ አንድም ቀን ተሳፍራበት አታውቅም። መሬቱ ሲርቅ ዓይኗን ጨፍና ብረቱን ጨምድዳ ያዘች።

“ወደ ታች አትይ” አሏት ሽማግሌው። “ፊት ለፊትሽን እይ። እኔ አለሁ አይደል?”

በዚያ ሁሉ ዓመት አንቺ ብለዋት አያውቁም። ማን መስላ እንደታየቻቸው አላወቀችም፤ አልጠየቀችም። ዓይኗን ገልጣ እንዳዘዟት ፊት ለፊት አየች። እላይ ደርሰው ትኩስ ሾርባ ጠጡ፤ ሽማግሌው ነጩን ተራራ ሲያዩ ቆይተው፣ እንደ ደከመው ልጅ በልጃቸው ትከሻ ላይ አንቀላፉ።

ሰኔ ላይ ደግሞ ይመጣሉ ተብሏል። ክፍላቸው ከወዲሁ ተነጥፏል። ኦርሶላ ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር፣ አይመጡም የሚል ቃል እንዳትሰማ እየፈራች፣ ለማንሣት ትዘገያለች።