የማይገፋ መኪና

አሮጌዋ ፒክአፕ ሰው ካልገፋት አትነሳም ነበር። እያጋነንኩ አይደለም፤ መርሳ ላይ የእኛን ሰፈር የሚያውቅ ይመስክርልኝ። ጠዋት ቁልፉን ሳዞረው አንድ ጊዜ ታስልና ዝም ትላለች። ያኔ ከየበሩ ሰው ብቅ ይላል፤ አንዱ ነጠላውን እያጣፋ፣ አንዱ ቁርሱን እያኘከ፤ ከኋላዋ ተደርድረው ቁልቁል ይገፏታል። የገፋ ሰው ታዲያ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ወልድያ ድረስ በነጻ ይሄዳል። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም። እኔ አላወጣሁትም፤ ባወጣውማ ስድስት ሰው አልፈቅድም ነበር።

ከገፊዎቹ ሁሉ የማይቀሩት ከአጥራችን ማዶ ያሉት አባባ ናቸው። ሰማንያን ሳያልፉ አልቀሩም። በገበያ ቀን ከጓሯቸው የቆረጡትን ፓፓያ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ፌስታሉን መሬት ያስቀምጣሉ፣ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ይጥላሉ፣ «በስመ አብ» ብለው መዳፋቸውን የኋላው በር ላይ ያሳርፋሉ። ማሳረፍ ብቻ ነው። በዚያ መዳፍና በቆርቆሮው መካከል ዝንብ ብትገባ እንኳ አትጎዳም። ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ፒክአፗ ስትነሳ «ዛሬስ አባባ ባይኖሩ ጉድ ሆነን ነበር» እንላለን። እሳቸውም ላብ የሌለበትን ግንባራቸውን ጠርገው ከጎኔ ይቀመጣሉ።

ወልድያ የሚሄዱት ታላቅ እህታቸውን ሊጠይቁ ነው። እህትየው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም፤ የሥጋ ዘመድ ብለው የሚጠብቁት ይህንኑ ወንድማቸውን ነው። አባባ ለአውቶቡስ የሚሆን እንደሌላቸው ሰፈሩ ያውቃል። ሲጠየቁ ግን «አውቶቡስ ያዞረኛል» ነው የሚሉት።

እኔን ደግሞ ቤንዚን አንገሸገሸኝ። ማደያ ተሰልፌ ስውል ጺሜ እያደገ፣ የጫንኩት ቲማቲም እየፈሰሰ፣ ድሮም ደህና ያልነበረው ጠባዬ እየከፋ መጣ። አንድ ቀን ልክ ተራዬ ሲደርስ «አለቀ» ሲሉኝ ደሜ ፈላና እዚያው ሰልፉ መሃል ቆሜ ፒክአፗን ልሸጣት ማልኩ። ሸጥኳት። የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ገዛሁ፤ እንደ ስልክ ተሰክቶ የሚያድር።

ሚስቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ድምፁ የታለ?» አለችኝ።

«የለውም።»

«ከነድምፁ መግዛት አትችልም ነበር?»

መኪና ሲገዛ ጠበል ይረጫልና ቄሱን ጠራናቸው። ጠበሉን እንደያዙ መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞሩትና ቆም ብለው «ውሃና ኤሌክትሪክ ይስማማሉ?» ብለው ጠየቁኝ። እንጃ አልኳቸው። በመጨረሻ ከአጥሩ ውጭ ሆነው በሩቁ ረጩት፤ ግማሹ ሚስቴ ላይ አረፈ። «እሷም ትባረክ» አሉ።

የመጀመሪያው ገበያ ቀን ጠዋት ብወጣ ገፊዎቼ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ተደርድረዋል።

«ይሄ መገፋት አይፈልግም፣ በራሱ ይነሳል» አልኳቸው።

«መጀመሪያማ ሁሉም እንዲያ ነው የሚባለው» አለ ባለሱቁ፣ ከሁሉም ወፍራሙ፣ መዳፉ ላይ እንትፍ እንትፍ ብሎ።

ማን ይስማኝ። ገብቼ ማስነሻውን ተጫንኩት፤ እንደ ጠባዩ ድምፅ የለውም። እነሱ አልተነሳም ብለው ባለ በሌለ ጉልበታቸው ሲገፉ እኔ ነዳሁት። መኪናው ሄደ፣ ሰዎቹ ቀሩ። በመስታወት ሳይ ባለሱቁ በደረቱ አቧራው ላይ ተዘርግቷል፣ ሌሎቹ እላዩ ላይ ናቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝና እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።

አቆምኩላቸው፤ አቧራቸውን አራግፈው ተሳፈሩ። «እስከ ዛሬ የገፋነው ይበቃል፣ ቀሪ ዕድሜያችንን እንዲሁ ነው የምንሄድ» አለ ባለሱቁ እየተነጫነጨ። መዳፋቸው ሳያርፍ መኪናው ያመለጣቸው አባባ ግን ፌስታላቸውን ከመሬት አነሱ።

«ኧረ አባባ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ። አልገፋሁም።»

«መገፋት አይፈልግም እኮ።»

«እኮ! ባልገፋሁት ላይ ምን ብዬ እወጣለሁ? ለማኝ ነኝ?»

ለመንኳቸው፤ ለምኜ ስላልሆነ ተቆጣሁ፤ ተቆጥቼ ስላፈርኩ እንደገና ለመንኳቸው። ንቅንቅ አላሉም። በሁለተኛው ገበያም በራቸው ላይ ቆመው ሸኙን እንጂ አልወጡም። «እሺ፣ ፓፓያውን ይስጡኝና እኔ ላድርስ» ብላቸው «እሷ የናፈቃት ፓፓያ መሰለህ?» አሉኝና ገቡ።

በሦስተኛው ገበያ ዋዜማ ወልድያ ላይ ቲማቲም ሳራግፍ የእህትየው ጎረቤት ፈልጋ አገኘችኝ። መልእክት ይዛ ነው። «ወንድሜ ሞቶ እንደሆነ ንገሩኝና ላልቅስ፤ ካልሞተም ንገሩኝና ልርገመው» ብለዋል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በሉኝ።

ሲሪንቃን አልፌ መርሳ እስክገባ ራሴን ስሳደብ መጣሁ። ቁልቁለቱን ስወርድ ባትሪው በራሱ ይጨምራል፤ ሌላ ጊዜ ይህን ሳይ እንደ ልጅ ነው የምፈነድቀው፤ ያን ቀን ዞር ብዬም አላየሁት። የማይጮህ፣ የማያጨስ፣ ማንንም የማያስቸግር መኪና ገዝቼ አንድ ሽማግሌ ከእህታቸው ለይቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አልነካሁም። ወረድኩ። ጎማውን በእርግጫ አልኩት።

«አልነሳም አለ» አልኩ፣ አጥር ማዶ በሚሰማ ድምፅ።

ባለሱቁ በበሩ አንገቱን አውጥቶ «እኔን አትጥራኝ፣ ደረቴ ገና አልዳነም» አለና መልሶ ዘጋው። ሌሎቹም ኤሌክትሪክ ይይዘናል ብለው ቀሩ። አባባ ግን ንግግሬን ሳልጨርስ ብቅ አሉ፤ ፌስታላቸው በእጃቸው ነው። መሬት አስቀመጡት፣ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣሉ፣ «በስመ አብ» አሉ። እኔም ሮጬ ገባሁ። ሐሳቤ መኪናው ቁልቁል በራሱ እንዲንከባለል ነበር። አልተንከባለለም። ትንሽ ጠበቅሁ፤ ያው ነው። ላብ አጠመቀኝ።

አባባ ዞረው በመስኮቱ በኩል መጡና ጎንበስ አሉ።

«ልጄ» አሉኝ በቀስታ፣ «የእጅ ፍሬኑን ልቀቀው።»

ባየው እስከ ላይ ተስቧል። ለቀቅሁት። ተመልሰው ሄደው መዳፋቸውን አሳረፉ፤ መኪናው ቁልቁለቱን ይዞ ተንቀሳቀሰ። ታች ላይ አቆምኩላቸው፤ ግንባራቸውን እየጠረጉ ከጎኔ ተቀመጡ። ሲሪንቃ እስክንደርስ እኔ ከእፍረቴ ብዛት መንገዱን ብቻ አየሁ።

«መዋሸት አትችልበትም» አሉኝ በመጨረሻ።

«ይቅርታ አባባ።»

«እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ሳልገፋ ስገፋ፣ አንድ ቀን ነቅተህብኝ ታውቃለህ?»

ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል «ኧረ በጭራሽ» አልኩ። «አንቱ ባይኖሩማ መቼ ትነሳ ነበር።»

«አሁን ተሻለህ» አሉ። ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አመቻቹትና «የሚቀጥለው ገበያም እንዳይነሳ» አሉኝ።