ደሜ የት ሄደ?

መጀመሪያ የከዳኝ ጉልበቴ ነው። ቦንጋ ገበያ ማር እሸጣለሁ። ባልዲ ሙሉ ማር ብድግ አድርጌ ባጃጅ ላይ የምጭን ሴትዮ፣ ዳገቱ መሀል ቁጭ ብዬ ማለክለክ ጀመርኩ። ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ። ለምርመራ ስሄድ ደም ማነስ ተባልኩ። «የወር አበባሽ በዝቶ ይሆናል፤ ሴት ነሽ፣ ያለ ነው» ብሎ ባለሙያው የአይረን ኪኒን ሰጠኝ። ዋጥኩ፣ ዋጥኩ፤ ለውጥ የለም። ደሟ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከዚያ ቀኝ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር፤ ከሳሁም። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ «ይሄማ የኮሶ ትል ነው! ጥሬ ሥጋ ትወጂ የለ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እወዳለሁ። ኮሶውን ራሳቸው ወቅጠው፣ በጥብጠው አመጡልኝ። በባዶ ሆዴ ጨለጥኩት።

ሆዴ ተነፋ። ትውከቴ አረንጓዴ ሆነ። መሬቱን በጥፍሬ ቧጠጥኩ። ባለቤቴ ኃይሌ ሊያነሳኝ ሲል ክንዱን ነከስኩት። ደማ። «ግደለኝ!» አልኩት።

ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ «አንጀትሽ ተዘግቶ ተበስቷል። አሁኑኑ ካልከፈትን ትሞቻለሽ» አለኝ። ከፈቱኝ።

ስነቃ ሆዴ ላይ ከረጢት ተለጥፏል። ኢሊዮስቶሚ ይሉታል፤ ሰገራዬ በዚያ ይወርዳል። ገነጠልኩት። ኃይሌ ላይ ወረወርኩት። ደረቱ ላይ ፈሰሰ። እሱ ሸሚዙን አወለቀና ነርሷን ሌላ ከረጢት ሊጠይቅ ሄደ።

ሲከፍቱኝ ከአንጀቴ የወሰዱት ናሙና ውጤት መጣ። የትልቁ አንጀት ካንሰር።

«የሽማግሌ በሽታ አይደል እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት ሐኪሙ ላይ።

«በዕድሜ የገፉት ላይ፣ ከሴት ደግሞ ወንድ ላይ ይበዛል። ወጣት ሴትንም ግን አይምርም» አለኝ። «በግራ በኩል ሲሆን ደሙ ብዙ ጊዜ በሰገራ ላይ ይታያል። ያንቺ በቀኝ ነው፤ ተደብቆ ሲደማ ኖሯል። በዘር ሊሄድ ይችላል፤ ወንድም እህት ካለሽ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለት በመቀመጫ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ አንጀታቸውን ይታዩ።»

ያለኝ አንድ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወልዴ፣ ማንኪራ መንደር ንብ ያነባል። ኬሞቴራፒውን በሚኒባስ ጅማ እየተመላለስኩ፣ በፌስታል እያስታወክሁ፣ ኃይሌ ከረጢቴን እያጠበ፣ ቀስ በቀስ ነፍስ እየዘራሁ ስመጣ ሐሳቤ ሁሉ ወልዴ ላይ ወደቀ። ተመርመር ብለው «በኋላዬ ቱቦ? ሞቼ እገኛለሁ!» አለኝ። ማንኪራ ድረስ ሄጄ ጎረቤቶቹ ፊት ቀሚሴን ገለብኩና ከረጢቱን አሳየሁት። ፊቱን አዞረ። ኮሌታውን ይዤ «እየው! አንተን አልቀብርም!» አልኩት። እያለቀሰ መጣ። አንጀቱ ውስጥ ፖሊፕ የሚሉት እባጭ ተገኘበት፤ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ተቆርጦ ወጣ።

አንጀቴ ተመልሶ ተቀጥሎልኛል። ፈጣሪ ይመስገን። ሐኪሞቼን እጃቸውን ይባርክ። ኃይሌን ማመስገኛ ቃል የለኝም፤ ጠባሳው ክንዱ ላይ አለ። እትዬ አስካለን ይቅር ብያለሁ፣ ኮሷቸውን ግን አልልም። አንቺ ደም አነሰሽ የተባልሽ፣ ወጣት ነሽ፣ ሴት ነሽ ቢሉሽም ከየት እንደሚፈስ ሳይፈለግ ወደ ቤትሽ አትመለሺ።

ወልዴ በሰው ፊት አዋረድሽኝ ብሎ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል። ያኩርፍ። ሬሳ አያኮርፍም።