ወልድያ ብሎ የማይጨርሰው ሲሳይ

ብምል ብገዘት አታምኑኝም። መርሳ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን መድረክ ላይ ቆሜ ቀልድ አወራለሁ። አምና የሞተብንን የሚኒባስ ረዳት ሲሳይን አስመስዬ፣ «ወ... ወ... ወል...» እያልኩ ተንተባተብኩ። እሱ ወልድያ ብሎ ሳይጨርስ መኪናው ግማሽ መንገድ፣ ሲሪንቃ ይደርስ ነበር! ሕዝቡ በሳቅ ጣሪያውን ሊነቅለው ምንም አልቀረው።

ድንገት እናቱ እማማ ዘነቡ ጥቁር ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከመሃል ብድግ አሉ። ለካ እሳቸውም መጥተዋል! ሊረግሙኝ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«ይማሩኝ እማማ» አልኩ።

«ምን በድለህ? የለቅሶው ዕለት አልቃሿ አንደበተ ማር፣ አንበሳ ገዳይ እያለች የማላውቀውን ጀግና አስለቀሰችኝ። የኔን ልጅ ገና ዛሬ ሰማሁት፤ እስቲ አንዴ ድገምልኝ!»